ነፍሰ ገዳዩ ሊያዝ ሲል የጠፋው መጽሐፍ

መጽሐፉ የጠፋው ነፍሰ ገዳዩ ሊያዝ ጥቂት ገጽ ሲቀረው ነው። ሌላ ሰው ዕቃ ሲጠፋበት የሚጠፋበት ዕቃው ነው፤ ጋሼ ደባሱን ግን ያመለጣቸው ከወጣትነታቸው ጀምረው ሲያሳድዱት የኖሩት ወንጀለኛ ነበር።

ማለዳ ላሊበላ ፖሊስ ጣቢያ ገብተው ይህንኑ ሲናገሩ ተረኛው ፖሊስ የምር ሰው የተገደለ መስሎት ደነገጠ። ሟቹ ማን እንደሆነ ጠየቃቸው። ባለወፍጮው ነው አሉት። የት ሰፈር ሲላቸው ኮምቦልቻ አሉት። መቼ ሲላቸው «በጃንሆይ ጊዜ» ብለው መለሱለት። ነገሩ የልብ ወለድ መጽሐፍ መሆኑ ሲገባው ከት ብሎ ሳቀ፤ ኢንስፔክተር ወለላ ድምፃቸውን ሰምታ ከቢሮዋ ባትወጣ ኖሮ ሽማግሌው በያዙት ከዘራ አንድ ነገር ሳያደርጉት አይቀሩም ነበር።

ወለላ አልሳቀችም። እንዴት ትስቃለች? ጋሼ ደባሱ አምስተኛ ክፍል ያስተማሯት ሰው ናቸው። ዓርብ ዓርብ የቤት ሥራውን ለጨረሰ ልጅ ከየገበያው ከለቀሙት አሮጌ የወንጀል ልቦለድ አንዱን ያውሱ ነበር። ሕጋቸው አንድ ነው፤ መጨረሻውን ለጓደኛው የተናገረ ሁለተኛ አይዋስም። ወለላ አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። ዘመዶቿ «ሴት ልጅ ፖሊስ ምን ቤት ነው?» ሲሉ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እሷ ታውቅ ነበር፤ ጋሼ ደባሱ ናቸው።

ወንበር ሰጥታቸው ተቀመጡና ነገሩን ከሥሩ አጫወቷት። መጽሐፉ «የወፍጮ ቤቱ ሬሳ» ይባላል። መጀመሪያ ያገኙት ገጠር ትምህርት ቤት በተመደቡበት ዘመን ነው። ሌሊቱን በኩራዝ ሲያነቡት አድረው ሊነጋ ሲል መጨረሻው የለም፤ አንድ ነጋዴ ቀዶ በርበሬ ጠቅልሎበታል። ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ቅጂ ያልፈለጉበት ገበያ የለም፤ ኮንን አዳርሰዋል፣ ፍላቂትን አዳርሰዋል፣ ደሴ ድረስ ወርደዋል። ተስፋ ቆርጠው ሲተዉት፣ ጋሸና መገንጠያው ላይ ምግብ ቤት ያለውና የመኪና ሾፌሮች ጥለውት የሚሄዱትን መጽሐፍ የሚያስቀምጥላቸው አብዱልሀሚድ በቅርቡ ደወለላቸው። ሬሳው ተገኝቷል አላቸው።

ችግሩ ዓይናቸው ነው። ግላኮማ የሚሉት በሽታ ከዳር ከዳር እየበላው መጥቷል። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሏቸዋል። አሁን የሚያነቡት ግቢያቸው ውስጥ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ በማጉያ መነጽር ነው፤ እሱም ጥቂት ጥቂት ገጽ። እንዲያ እያሉ መርማሪው ሁሉንም ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሰብስቦ «ገዳዩ ከመካከላችሁ ነው» እስካለበት ድረስ ደርሰው ነበር። የዓይን ቀጠሯቸው ደርሶ ወልድያ ሄደው አድረው ሲመለሱ መጽሐፉ የለም።

«ወለላዬ፣ ሌባውን እሰሩልኝ አላልኩም» አሏት። «መጽሐፉን ብቻ። ፀሐይዋ ሳለችልኝ በገዛ ዓይኔ ልየው።»

አዛዡ ነገሩን ሲሰማ የወረዳው ፖሊስ ደግሞ ልብ ወለድ ፍለጋ ሊሠማራ ነው ወይ ብሎ አሾፈ። ወለላም ስርቆት ስርቆት ነው፣ ሕጉ በሬና መጽሐፍ አይለይም ብላ ኮፍያዋን አንስታ ወጣች።

የጋሼ ደባሱ ቤት ዳገቱ ላይ ያለች ክብ የድንጋይ ቤት ናት። በሩ አልተሰበረም። ቁልፉ ከበሩ አናት ሽንቁር ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ያንን ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ውስጡ ከሳሙና ሣጥን በተሠራ መደርደሪያ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው፤ ጀርባው የተላጠ፣ ሽፋኑ በጨርቅ የተጠገነ፣ በጋሼ ደባሱ እጅ በመርፌ የተሰፋ። ወለላ ልጅ ሆና ያነበበችውን አንዱን አይታ እንደ ዘመድ ልትስመው ምንም አልቀራት።

ሥራዋ ትዝ ሲላት ዙሪያውን ቃኘች። ሬዲዮው ከጠረጴዛው አልተነሳም። አዲሱ ጋቢ አልጋው ላይ ነው። ሌላ ሰብሳቢ ቢያገኘው የሚያብድለት አሮጌ መጽሐፍም ሁሉ በየቦታው አለ። ይህ እንግዲህ ምን ዓይነት ሌባ ነው?

«የት ነበር ያስቀመጡት ጋሼ?»

«እዚያ፣ ጠረጴዛው ላይ» አሉ ፊታቸውን ወደ በሩ መልሰው።

ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ባዶ ኩላብ አለ። ከሥሩ ያለው ግድግዳ ከሌላው ነጣ ብሏል፤ አንድ ነገር ዓመታት ተሰቅሎበት ኖሮ ገና አሁን የተነሳ ይመስላል። ከመደርደሪያው ላይ ደግሞ በሁለት የወንጀል ልቦለድ መካከል በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አየች። ገለጥ ብታደርገው ትንሽ የብራና መጽሐፍ ነው። ምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው የሟች ባለቤታቸው የወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ድርሳን ነው፣ ነፍሷን ይማር አሉና፣ ቸኮል ብለው ክንዷን ይዘው ወደ በር መሯት። ወለላም ሐዘናቸውን የቆሰቆሰች መስሏት ነገሩን አልገፋችበትም። መርማሪ ለሚወደው ሰው ሲል የሚተወው ጥያቄ ሁልጊዜ ዋናው ጥያቄ ነው፤ ይህንንም ጋሼ ደባሱ ራሳቸው አስተምረዋት ነበር።

ደጅ ላይ ቆመው ማንን እንደሚጠረጥሩ ስትጠይቃቸው ግን አላመነቱም። ከፋለ ነው አሉ።

ከፋለ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። ቁመተ ረጅም፣ ክራቫቱን የማይፈታ፣ በወንጀል ልቦለድ ያበደ ሰው። ሁለቱ በገበያ ተገናኝተው ከአንድ መጽሐፍ ላይ እጃቸውን ሲያሳርፉ ያየ ሰው ሚስት የሚናጠቁ ይመስለዋል። «የወፍጮ ቤቱ ሬሳ» መገኘቱን የሰማ ዕለት ለአንድ ቀን ያውሱኝ ብሎ ለምኗቸዋል። ሳልጨርሰው ብለው ከልክለውታል። እሱም ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ እንዴትም አድርጌ አነበዋለሁ ብሎ ምሏል። ይባስ ብሎ መጽሐፉ በጠፋበት ቀን አክስቴ ሞተች ብሎ ከሥራ ቀርቷል።

ወለላ ማታ ከሥራ ሲወጣ ቤቱ ሄደች።

«አክስትህ ሞቱ ብለሃል» አለችው። «ትናንት ገበያ ውስጥ ሰላም ብያቸዋለሁ።»

«እግዜር ያቆይልኝ» አለ ከፋለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

የት እንደዋለ ጠየቀችው። ላብ አጠመቀው እንጂ አልመለሰም። አስፈራራችው፣ አልመለሰም። መጽሐፉን እንዳልወሰደ በላሊበላ ታቦታት ሁሉ በየተራ ማለላት፤ የዋለበትን ቦታ ግን ቢሰቅሉትም እንደማይናገር አስታወቀ።

«ከፈለጉ ይሰሩኝ ኢንስፔክተር» አላት። «ከተናገርኩ ጋሼ ደባሱ ጋ ይደርሳል። እሳቸው ጋ ከደረሰ አለቀልኝ።»

አነጋገሩ የጥፋተኛ ነው። ወለላ ልቧ እየከበዳት መደርደሪያውን ትፈትሽ ጀመር። «የወፍጮ ቤቱ ሬሳ» የለም። አዲስ የገቡ የሚመስሉ አሮጌ መጽሐፎች ግን ታችኛው ረድፍ ላይ ተደርድረዋል። አንዱን ከፍታ ወደ ዓይኗ ስታስጠጋ አስነጠሳት። ደገማት። በገጾቹ ስፌት መካከል ደቃቅ ቀይ ዱቄት ገብቷል፤ በምላሷ ጫፍ ብትሞክረው በርበሬ ነው። ከፋለን ቀና ብላ ብታየው ፊቱ ከበርበሬው ብሷል።

በማግስቱ መናኸሪያ ሄዳ ሾፌሮቹን ስትጠይቅ ከፋለ በገበያ ቀን ባዶ ሻንጣ ይዞ ወደ ፍላቂት እንደሚወጣና ሻንጣው ሞልቶ እንደሚመለስ ነገሯት። ዛሬ ሁሉም በፌስታል ሲጠቀልል በርበሬ በመጽሐፍ ቅጠል ጠቅልላ የምትሸጥ ማን ቀርታለች ብላ ስትጠይቅ አንድ ስም ነው የነገሯት፤ ነጅሚያ።

ጋሸና ላይ ወርዳ አብዱልሀሚድን አነጋገረችው። መጽሐፉን መልሶ የሸጠለት ሰው የለም። ከፋለን ግን መጽሐፉ በጠፋበት ቀን ጠዋት ወደ ፍላቂት ሲያልፍ፣ ሲመሽ ደግሞ ሲመለስ አይቶታል። እንዲያውም ሽሮ በልቶ አፍንጫው ሲፈስ እንደነበር አስታወሰ።

ነጅሚያ ፍላቂት ገበያ ዳር ከበርበሬ ጆንያ ጋር የተቀመጠች፣ ደርበብ ያለች ሳቂታ ሴት ናት። ከኋላዋ ጓዳ ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። የፖሊስ መታወቂያዋን ስታይ ሚዛኗን ቀና አደረገች። ወለላ የመጣችበትን ስትነግራት ግን ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። ከፋለ በዚያን ቀን ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት ጓዳዋ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ እያስነጠሰ፣ ሬሳ ሬሳ ሲል ዋለ አለቻት። ሬሳው ስላልተገኘ የሚያጽናናውን ያህል ሌላ መጽሐፍ ጭኖ ሄደ።

«ወላሂ፣ ለአስተማሪው እንዳልናገር አስምሎኛል» አለች ነጅሚያ። «እሱ ካወቀ ይህን ጓዳ ባዶ ያስቀረዋል ብሎኝ ነው። በአላህ፣ አንቺም እንዳትነግሪው።»

አየህልኝ! ሰው ሌባ ሊባል ደርሶ፣ ሊታሰር ደርሶ፣ መጽሐፍ የሚያገኝበትን ጓዳ አልናገርም ይላል። ወለላ የሳቀችው ለከፋለ ነው፤ ያዘነችው ደግሞ ለጋሼ ደባሱ። ተጠርጣሪዋ በበርበሬ ነጻ ወጥቶ መንገዱ እዚህ ላይ አበቃ። ሰማዩ ከሰሞኑ እያደር እየደመነ ነው፤ ክረምት ገብቶ ላስታን ጉም ካለበሳት ሽማግሌው የሚያነቡባት ፀሐይ የለችም። መስከረም እስኪጠባ ዓይናቸው ይቆይ አይቆይ ማን ያውቃል?

ለመሄድ ስትነሳ ነጅሚያ የአስተማሪውን ሚስት አነሳች። ድሮ ላሊበላ ሱቅ በነበራት ጊዜ ታውቃቸው ነበር። «ደግ ሴት ነበረች፣ አላህ ይማራት። የሰፈሩ ሴት ምጥ ሲይዛት ሮጦ የሚኬደው ወደሷ ቤት ነው። ድርሳኗን ከነማኅደሩ ከኩላቡ ያነሱና ምጥ ከያዛት ሴት ትራስጌ ያኖሩታል። ፈቃድም የሚጠይቅ የለ፤ ምጥ ቀጠሮ አይሰጥ።»

«ባላቸውስ?»

«ወንድ ምኑን ያውቃል የኔ እናት? ይህ የሴት ጉዳይ ነው። እሱ ትምህርት ቤት ሲውል ይወሰዳል፣ ሲውል ይመለሳል።»

ወለላ እግሯ እንደተተከለ ቀረ። ማኅደር ማለት ካህናት መጽሐፋቸውን ከተው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉበት የቆዳ ከረጢት ነው። ባዶው ኩላብ ትዝ አላት። የነጣው ግድግዳ ትዝ አላት። ድርሳኑ ደግሞ ማኅደሩን አጥቶ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ በሁለት ነፍሰ ገዳይ መካከል ተኝቶ ነበር። ድርሳኑ እዚያ ካለ ማኅደሩ ምን ይዞ ሄደ?

የተወሰደው መቼ እንደሚመለስ ጠየቀች። «ሕፃኑ ክርስትና ሲነሣ ነዋ» አለች ነጅሚያ፣ ይህን የማያውቅ ክርስቲያን ማየቷ ገርሟት።

ወለላ ላሊበላ ስትደርስ ጋሼ ደባሱ ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማጉያ መነጽሩን ይዘዋል፤ የሚያነቡት ነገር ግን አልያዙም። ሲያዩአቸው ልብ ይበላሉ፤ እሷ ግን ጨከነች።

«ጋሼ፣ የሰጡኝን ቃል ያርሙልኝ» አለች። «መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም።»

ሽማግሌው እንደ ተያዘ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። ከፋለ ሻይ ቤት የማለውን ማሐላ ሲሰሙ ልባቸው ተሸብሮ፣ ወልድያ ከመሄዳቸው በፊት ማንም እጁን የማይሰድበት ቦታ ፈልገዋል። ከሚስታቸው ማኅደር የተሻለ ቦታ አላገኙም። ድርሳኑን አውጥተው «የወፍጮ ቤቱን ሬሳ» ከተቱበት። ሲመለሱ ማኅደሩም የለም። ያንን ግን ለፖሊስ መናገር እንዴት ይቻላል?

«ሰው ለነፍሰ ገዳይ ብሎ የሚስቱን ድርሳን ከማኅደሩ ያስወጣል?» አሏት፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «በሕይወቷ ሳለች፣ ደባሱ በነዚህ መጽሐፎችህ ከቤቴ ያላስገባኸው ሽፍታ የለም እያለች ትስቅብኝ ነበር። ይህን ብትሰማ ምን ትል? አፈርኩ ልጄ፤ አፍሬ ነው የዋሸሁት።»

ወለላ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። አልተቆጣቻቸውም። ሰሞኑን በሰፈሩ የወለደች ሴት እንዳለች ብቻ ጠየቀቻቸው።

«የጎረቤቴ የውባንቺ ልጅ፣ ሰብሌ። እኔ ወልድያ ሳለሁ ምጥ ጸንቶባት በአምቡላንስ...» አሉና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። «አበስኩ ገበርኩ! ከአራስ ትራስ ሥር የወፍጮ ቤቱን ሬሳ!»

ዘሎ መግባት አይቻልም። አራስ ቤት ወንድ አይገባም። ጋሼ ደባሱ ድርሳኑን ከነነጠላው ጋቢያቸው ሥር ይዘው ከውባንቺ አጥር ውጭ ቆሙ፤ ወለላ ኮፍያዋን አውልቃ ነጠላ ጣል አድርጋ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለች ገባች።

ሰብሌ መደቡ ላይ ጋደም ብላ ልጇን ታጠባለች፤ ሴት ናት የወለደችው። ከትራሷ በላይ ማኅደሩ በጠፍሩ ተንጠልጥሏል። ወለላ ሳታውቀው እጇ ወደዚያ ሊዘረጋ ሲል ሰበሰበችው። ውባንቺ ሳትጠየቅ ታሪኩን ጀመረች። ምጡ ሲጸና ሮጣ ከጋሼ ደባሱ ኩላብ አነሳችው። አምቡላንስ ውስጥ ከልጇ አልተለየም። ጤና ጣቢያም ገብቷል፤ አዋላጇ ከአልጋው ላይ ልታነሳው ስትል ሰብሌ ጮኸች። ጋሼ ደባሱ መጽሐፍ ጠፋብኝ ማለታቸውን ሰምታ እንደሆነ ወለላ ስትጠይቃትም ሰምቻለሁ አለች፤ ያ የተረት መጽሐፍ አይደለም ወይ፣ ምስኪን ሽማግሌ፣ ማን ጨከነባቸው ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

«እህቴ» አለች ሰብሌ ከመደቡ ላይ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እኔ እኮ ሞቼ ነበር። እጄን ማኅደሩ ላይ ሳኖር ነው ብርታት ያገኘሁት። ልጄ ሰማንያዋ ደርሶ ክርስትና እስክትነሣ ከራስጌዬ አይነሳብኝ።»

ወለላ እውነቱን ብትናገር ይህች አራስ ሌሊቱን በሬሳ ስትቃዥ ልታድር ነው። ብትተወው ሰማንያ ቀን ክረምቱን ያስገባል፤ የሽማግሌው ዓይን ደግሞ ክርስትና አይጠብቅም። ሹልክ ብላ ወጥታ ለጋሼ ደባሱ ነገረቻቸው። አዳመጧት።

«ይቅር» አሉ። «እሷ የያዘችው ነፍሷን ነው፤ እኔን የያዘኝ ጉጉት ነው። ይቅር ወለላዬ። እስከ ዛሬ ያላወቅሁትን ሳላውቀው ልሙት።»

ሲሉት አፋቸው ብቻ ነው ያለው፤ ፊታቸው ሲያለቅስ ታያለች። ወለላ ከጋቢያቸው ሥር ድርሳኑን ወሰደችና በነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ተመልሳ ገባች።

ውባንቺ ለአራሷ አጥሚት ልታመጣ ጓዳ ስትገባ፣ ሰብሌም እያጠባች ዓይኗ ከደን ሲል፣ ወለላ ልትሳለም እንደሆነ ሁሉ ማኅደሩን አወረደች። ጣቶቿ እየተደነቃቀፉ ፈታችው። ሬሳው ወጣ፣ ድርሳኑ ገባ። የምርመራ መዝገቡ እውነት የሚጻፍበት ቢሆን ኖሮ በዚህ ጉዳይ የተፈጸመው ብቸኛ ስርቆት በፖሊስ የተፈጸመ መሆኑ መጻፍ ነበረበት።

ውባንቺ ስትመለስ መልሳ ልትሰቅለው ማኅደሩን ከእጇ ተቀበለች። ብራና ከወረቀት ይከብዳል። «ከበደኝሳ» አለች ውባንቺ፣ መዘን አድርጋ። ወለላ ሬሳውን ነጠላዋ ሥር ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ውባንቺ ግን ማኅደሩን ተሳልማ ሰቀለችና መልሱን ራሷ ሰጠች። «ጸሎቱ ነዋ፤ ሲጸለይበት እንዲህ ነው።»

በማግስቱ ሰማዩ ጠራ። ቀትር ላይ ጋሼ ደባሱ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፤ ማጉያውን አነሱ። ወለላ እንዳትረብሻቸው ራቅ ብላ ግንቡ ላይ ተቀመጠች። ማጉያውን ሲያቀርቡ፣ ሲያርቁ፣ አንገታቸውን ሲያዘነብሉ ቆዩ። በመጨረሻ መጽሐፉን ሳይዘጉ ዘረጉላት።

«ፊደሉ ሸሸኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አንብቢልኝ። የት እንደደረስኩ ታውቂዋለሽ።»

ወለላ ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች። መርማሪው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ቆሞ አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ሚስቲቱን፣ ሸሪኩን፣ ዘበኛውን፣ ለፖሊስ ክሱን ያቀረበውን የሟቹን ወንድም። ጋሼ ደባሱ እጃቸውን አነሱ። ዘበኛው ነው አሉ። ቁልፉ በእጁ ነበር። በዚህ ምክንያት ዕድሜ ልካቸውን አንድም የትምህርት ቤት ዘበኛ በቀና ዓይን አይተው እንደማያውቁ ተናዘዙላት። ወለላ ገጹን ገልብጣ ቀጠለች። ቀጠለችና ድምፅዋ በሳቅ ተሸነፈ።

«ጋሼ፣ ዘበኛው አይደለም» አለች። «ከሳሹ ራሱ ነው። መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሮጦ የመጣው ሰው፤ የዋሸው እሱ ነው።»

ጋሼ ደባሱ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አንዴ ለእሷ የሰጡትን ቃል፣ አንዴ ባዶውን ኩላባቸውን አሰቡ መሰለኝ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ ከሆዳቸው ነው የመጣው፤ ዕንባቸው ጉንጫቸው ላይ እስኪወርድ፣ ከዘራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ወለላም አብራቸው ሳቀች። ያን ሁሉ ዘመን ያሳደዱት ገዳይ በመጨረሻ ተያዘ፤ እሱም እንደ እሳቸው ፖሊስ ጋ ሮጦ የዋሸ ከሳሽ ሆኖ ተገኘ።

ሳቁ ሲበርድ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ንጹሕ ሰው ስወነጅል ኖሬያለሁ ማለት ነው» አሉ። «ዘበኛውንም። ከፋለንም።» ከዘራቸውን ከወደቀበት አነሱና፣ «ሂጂ ጥሪልኝ» አሏት።

ከፋለ ሲጠራ ሊታሰር መስሎት ክራቫቱን አስተካክሎ፣ ሻንጣውን ይዞ መጣ። ጋሼ ደባሱ ከበርጩማቸው ተነስተው ይቅርታ ጠየቁት፤ ላስታ ውስጥ ሽማግሌ ለወጣት ሲነሳ ስለማይታይ ከፋለ የሚገባበት ጠፋው። «የወፍጮ ቤቱን ሬሳ» አንስተው እጁ ላይ አኖሩለት። ውሰደው፣ አንብበው፣ መጨረሻውን ግን ለማንም እንዳትናገር አሉት። ከፋለ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ቆመ። ዓይናቸው እንደ ከዳቸው ሲሰማ ግን ሻንጣውን ከፈተና ከፍላቂት ያመጣውን አንዱን አወጣ፤ ከፈቀዱለት ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ሊያነብላቸው። ጋሼ ደባሱ መጽሐፉን ተቀብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ አስነጠሱ።

«ነጅሚያ ዛሬም በመጽሐፍ ትጠቀልላለች?» አሉት።

ከፋለ ወለላን አያት፤ ወለላ በማርያም እኔ አልነገርኳቸውም ብላ እጇን አነሳች። ሽማግሌው ፈገግ ብለው መጽሐፉን መለሱለት። ከፋለ ግንቡ ላይ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። አንድ አንቀጽ እንኳ ሳይጨርስ ጋሼ ደባሱ ከዘራቸውን አነሱ።

«ቆይ። ዘበኛ አለበት?»

ከፋለ ወደ ታች አየና፣ «አዎ፣ አንድ አለ» አለ።

«እሱን ተወው» አሉ ጋሼ ደባሱ፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ መልሰው። «እሱ አይደለም። በል ቀጥል።»